ከቧንቧው ይልቅ መውረጃው

ኩዌት፣ ማንጋፍ ውስጥ ማለዳ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ውኃ ነው። አንዷ እህታችን በጎማ የማዳሟን ደጃፍ ታጥባለች፤ እዚያው የቆመው መኪና ይታጠባል፤ ውኃው አስፋልቱን ይዞ ወርዶ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይሰወራል። በእንስራና በጀሪካን ውኃ ስትቀዳ ላደገች ልጅ ይህ ለዓይን ይከብዳል። "ይህ ሁሉ አንድ ቀን አያልቅም?" የሚለው ጥያቄ ከስንቱ አፍ ይሰማል። ከፍርግርጉ በታች ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ኩዌት ቋሚ ወንዝ የላትም፤ የዓመት ዝናቧም በአማካይ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዱሮ የመጠጥ ውኃ ከሻት አል አረብ በጀልባ ይጫንላት ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ሹዌኽ ላይ ከባሕር ውኃ ጨው የሚለይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የሚጠጣው ከሞላ ጎደል ሁሉ የባሕር ውኃ ነው። ፀሐይ ባሕሩን አትንና፣ ደመና አድርጋ የምታዘንበውን ዘይትና ጋዝ የሚነድባቸው ጣቢያዎች ይሠሩታል። ወጪውን አብዛኛውን መንግሥት ስለሚሸፍን አንድ ሰው በቀን ከ400 ሊትር በላይ ይጠቀማል።

ባሕሩ አያልቅም። የሚያሳስበኝ ለባሕሩ የምንመልስለት ነው።

ጣቢያዎቹ ከሳቡት ውኃ የሚበዛው ጨዉ በርትቶና ሞቆ ተመልሶ ይፈሳል። ኩዌት ያለችበት ባሕረ ሰላጤ በአማካይ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት አለው፤ ከውቅያኖስ የሚገናኘውም በሆርሙዝ ጠባብ በር ስለሆነ ውኃው እስኪለወጥ ዓመታት ይፈጃል። ስለ ጨውና ስለ ሙቀቱ ብዙ ተብሏል። የተዘነጋው ከማድ ቤትና ከመጸዳጃ ቤት የሚወርደው ነው።

ኩዌት የምትበላው አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። እህልም ሆነ ሥጋ የበቀለበትን አፈር ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ተሸክሞ ይመጣል። በገጠራችን ያ ለምነት በፍግ፣ በቅጠልና በገለባ ወደ ማሳው ይመለስ ነበር፤ እዚህ ወደ ቧንቧ ይወርዳል። ሳይጣራ ባሕር ከደረሰ እዚያም ማዳበሪያነቱን አይተውም፤ አልጌ ያበቅላል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ይታፈናል።

በ2001 እ.ኤ.አ. የበጋው ሙቀት በበረታበት ወቅት በኩዌት ወሽመጥ ዳርቻ ላይ ከ2,500 ቶን በላይ ዓሣ ሞቶ ተገኘ፤ አብዛኛው እዚህ ሜድ የሚሉት ዓይነት ነበር። ገዳዩ ባክቴሪያ እንደሆነ ታወቀ። ከሙቀቱና ከፍሳሹ የቱ ይበልጥ ዓሣውን እንዳዳከመው ባለሙያዎች ተከራክረዋል፤ እኔ ግን የፍሳሹ ድርሻ ትንሽ ነበር የሚለውን ለመቀበል ይከብደኛል። በነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከማንጋፍ በስተሰሜን ሚሽሪፍ ያለው የፍሳሽ መግፊያ ጣቢያ ተበላሽቶ ያልተጣራ ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ተለቀቀ። አንድ ጣቢያ ሲቆም ሌላ መውጫ አልነበረም።

ነገሩ በዓሣ አያበቃም። በ2008 መጨረሻና በ2009 እ.ኤ.አ. የኤምሬትስንና የኦማንን የባሕር ዳርቻ የሸፈነው ቀይ አልጌ የአንዳንድ የጨው መለያ ጣቢያዎችን ማጣሪያ ዘግቶ ሥራ አስቁሟቸዋል። የአልጌው መነሻ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ባሕር በአልጌ ሲሞላ ቧንቧም እንደሚደርቅ ያን ጊዜ ታይቷል።

ኩዌት እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሱለይቢያ ጣቢያ ፍሳሽን ወደ መጠጥ ውኃ ጥራት እስኪጠጋ ድረስ ያጠራል፤ ሲጀመር አቅሙ በቀን 375,000 ሜትር ኩብ ነበር፤ ውኃው ለእርሻ ይውላል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የጎዳናው ፍርግርግ ከዚያ መስመር ጋር አይገናኝም። የዝናብ መውረጃው ለብቻው ተዘርግቶ ወደ ባሕር ነው የሚፈሰው፤ በሕገ ወጥ መንገድ የቤት ፍሳሽ የሚቀጥሉበትም አሉ። ደጃፍ የታጠበበት ውኃ ከነሳሙናው፣ ከነዘይቱ የሚሄደው በዚሁ ነው።

እኛም አገር ቤት የለምነቱን መመለሻ ቆርጠነዋል፤ በሌላ መንገድ። ደኑ ሲመናመን ኩበቱ ማገዶ ሆነ። ፍግ ሆኖ ማሳው ውስጥ መቅረት የነበረበት ናይትሮጂን ከጭስ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱ ከአመዱ ጋር ይቀራል፤ አመዱም ብዙ ጊዜ ከጓሮ አያልፍም። ማሳው ሲደክም ዩሪያ ከውጭ ይገዛል። ዩሪያ የሚሠራው ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ከማንጋፍ ጥቂት ወደ ደቡብ፣ ሹዐይባ ላይ፣ ለአሥርተ ዓመታት ይኸው ማዳበሪያ ተመርቷል።

ግንቦት ሲገባ ከዚህ ወደ ገጠር የሚደወለው ስልክ ስለ ዝናብ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ። ደጃፍ ታጥቦ ከተገኘው ደመወዝ የተወሰነው ለዩሪያ ይላካል፤ እናት ስልኩን ዘግታ ለእራት ምድጃው ላይ ኩበት ትጨምራለች።