የቲማቲም ሰላጣ ከወጥ ጎን

የቲማቲም ሰላጣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፈው በሎሚ፣ በዘይትና በጨው ተለውሰው እሳት ሳይነካቸው የሚቀርቡበት አጃቢ ምግብ ነው። በጾም በየዓይነቱ ላይ ከሽሮው፣ ከምስሩና ከጎመኑ መሃል ይቀመጣል፤ በፍስክም ከጥብስ ጎን አይጠፋም። ሥራው ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ቀላል በመሆኑም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጥና ወጡ እስኪደርስ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ሰላጣ ግን እንጀራው ሊቀርብ ሲል የሚለወስ ምግብ ነው።

ምክንያቱ ጨው ነው። ከቲማቲም ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ሲሆን፣ ጨው የነካው የተቆረጠ ቲማቲም ይህን ውሃ ወዲያውኑ መልቀቅ ይጀምራል። ቆይቶ የሚበላ ከሆነ አትክልቱን ከትፎ ጨውና ሎሚውን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ከሚመጣው ቲማቲም መካከል ሞላላውና ሥጋው ወፈር ያለው ለሰላጣ ይመቻል። በጣም የበሰለውና የለሰለሰው ለስልስ ይቅር። ገና ያልበሰለ ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ ከገባ መዓዛው ይቀንሳል፤ ከውጭ ቢቆይ ይመረጣል።

ለአራት ሰው አራት መካከለኛ ቲማቲም፣ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ወይም ሁለት ቃሪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ በስሱ ተከትፎ ከሎሚውና ከቁንጥር ጨው ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይሉ ይበርዳል። ቀጥሎ ቃሪያው፣ በመጨረሻ ቲማቲሙና ዘይቱ ይገባሉ። ቢላዋው ስለታም መሆን አለበት፤ የዶለዶመ ቢላዋ ቲማቲሙን ይጨፈልቀዋል። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ እንደ ምርጫ ነው። ሎሚ ከሌለ አቸቶ ይተካዋል፣ ጣዕሙ ግን እንደ ሎሚው አይሆንም።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው እጥበቱ ነው። በጥሬው የሚበላ አትክልት አሜባን፣ ጃርዲያንና የወስፋት እንቁላልን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ቅጠላ ቅጠል ገበያ ይገባል። ስለዚህ አትክልቱ ሳይቆረጥ በፊት በንጹሕ ወራጅ ውሃ እየታሸ ይታጠባል፤ የሰላጣ ቅጠል ከሆነም አንድ በአንድ ተገንጥሎ። አቸቶ ወይም ሎሚ ጨምሮ መዘፍዘፍ ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ውሃው ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ መጨረሻ ላይ ማለቅለቅ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያም በደንብ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይውልም።

ሰላጣው ከጎን መቅረቡ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ ይህ ቫይታሚን በሙቀት በቀላሉ ስለሚጠፋ በጥሬው መበላታቸው ይጠቅማል። ምስርና ጤፍ የያዙትን ብረት ሰውነት እንዲወስድም ይረዳል፤ ከእጽዋት የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወሰድምና። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ሰውነት የሚወስደውን የብረት መጠን ይቀንሳል። (ቡናው ትንሽ ቆየት ቢል ጉዳት የለውም።) ዘይቱም ያለ ሥራ አልገባም፤ ቲማቲሙን የሚያቀላው ላይኮፒን በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ያለ ቅባት አንጀት ብዙም አይወስደውም። ለዚህ ግን ሁለት ማንኪያው ይበቃል። ወጡ ጨው ስላለውም ሰላጣው ላይ እጅ ማጥበቅ ነው።

አቮካዶ የሚወድ ሰው በመጨረሻ ቆርጦ ይጨምራል፤ ሎሚው መጥቆሩን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም። አቮካዶ ያለበት ሰላጣ ስለዚህ አያድርም። የተረፈው የቲማቲም ሰላጣ ግን ውሃው ከወጣ በኋላ እንጀራ ሲፈተፈትበት ጥሩ ቲማቲም ፍትፍት ይወጣዋል፤ እስከዚያው ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ይቆይና በማግሥቱ ይበላል።