አንድ ሰው ብቻውን «ገንዘቡ የት ገባ?» ቢል

ሰሚት ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ ነዋሪ ወረዳው በር ላይ «ለመንገዳችን የተመደበው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ወረቀት ይዞ ቢቆም፣ አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ የሚለው «ብቻውን ነው እንዴ?» ነው። ወይ አብዷል፣ ወይ ከጀርባው ሰው አለ እንላለን። ገንዘቡን የሚያነሳ ግን አይገኝም።

በዲናችን የጠያቂ ብዛት መስፈርት ሆኖ አያውቅም። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሑመይድ አስ-ሳዒዲ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል-ሉትቢያ የተባለን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ ይህ የእናንተ፣ ይህኛው ደግሞ ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሒሳቡን ተሳሰቡት፤ እናትና አባቱ ቤት ቁጭ ቢል ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበረም ጠየቁት። ከዚያም ሚንበር ላይ ወጥተው ጉዳዩን ለሕዝብ ተናገሩ፤ የሰውየውን ስም ግን አላነሱም። ልብ እንበል፦ የተሰለፈ ሕዝብ አልነበረም። ሒሳቡ የተጠየቀው ገንዘቡ አማና ስለሆነ ብቻ ነው።

የአገራችንም ሕግ ቢሆን ብዙ ሰው ይዘህ ና አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል። በጣም የሚጠቅመው ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ነው። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳም አይገደድም። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፣ ቀኑ ይመዝገብ፣ ቅጂው እጅ ላይ ይቅር። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ አቤቱታው ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቃልም ለውጥ አለው። «ሒሳቡን አሳዩን» ማለት ጥያቄ ነው፤ «እገሌ በላው» ማለት ግን ማስረጃ የሚያስፈልገው ክስ ነው። ያለ ማስረጃ ከተባለ በሸሪዓም በሕግም ጠያቂውን ራሱን ተጠያቂ ያደርገዋል።

ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ሳጥን አልረሳነውም። በየጁሙዓው ለመስጂድ ግንባታ ይዞራል። አንድ ወጣት ተነስቶ ስንት ገባ፣ ስንት ሲሚንቶ ተገዛበት ሲል «ፊትና አታስነሳ» ብለን የምናስቀምጠው እኛው ነን። የወሩን ገቢና ወጪ ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ ግን የአንድ ገጽ ሥራ ነው።