መስመሩ ይጸናል፣ መንጋው ይሻገራል፦ ከአፍደም ሲታይ ድንበር ዘለል ትብብር ምን ይጎድለዋል?



ድንበር ዘለል ትብብር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሚኒስትሮች የሚፈራረሙትን ሰነድ ወይም በኬላ የሚከናወነውን የጉምሩክ ሥራ ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ከአፍደም ተነሥቼ ላስረዳ እወዳለሁ። አፍደም በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በባቡር መስመር ላይ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ድንበር ርቃ ብትገኝም፣ የአካባቢዋ ሕዝብ በዝምድናም ሆነ በገበያ ከድንበሩ ማዶ ጋር የተሳሰረ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። በዚህ አካባቢ ድንበር ዘለል ትብብር ከመቶ ዓመት በላይ ተሞክሯል። ስምምነት አልጠፋም፤ የጠፋው ስምምነቱን በየዕለቱ የሚያስፈጽም፣ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው የአካባቢ ተቋም ነው።

መነሻው የአየር ጠባይ ነው። የሲቲ ዋና ዋና ዝናቦች ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ዲራ» እና ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጥለው «ከረን» ናቸው። በጅቡቲና በዘይላ ጠረፍ ግን «ሄይስ» የተባለው ዝናብ የሚጠበቀው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ያለው መሬት በደረቀበት ወቅት ነው። ስለዚህ አርብቶ አደሩ በአንዱ ወቅት ወደ ባሕሩ ዳር፣ በሌላው ወደ ውስጥ ይጓዛል። ይህ ጉዞ ከሕግ መሸሽ ሳይሆን በሁለት የዝናብ ሥርዓቶች መካከል የሚደረግ ስሌት ነው። ስሌቱ ሲከሽፍ የሚከፈለው ዋጋም ከባድ ነው፤ በ2015 እና በ2016 የኤልኒኞ ድርቅ ሲቲን በመታ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች መንጋቸውን አጥተው በመጠለያ ጣቢያ ቀርተዋል።

ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ይህን እውነት አልሳቱትም። በሰኔ 1897 ራስ መኰንንና የብሪታንያው መልእክተኛ ሬኔል ሮድ በሐረር በተለዋወጡት ደብዳቤ፣ በኢትዮጵያና በብሪታንያ ሶማሌላንድ ወሰን ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሣዎች በሌላው ወገን ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። በጉዟቸው ጊዜ ለደረሱበት አገር አስተዳደር ይታዘዛሉ፤ በአቅራቢያቸው ወዳለው የውሃ ጉድጓድም ያለ ክልከላ ይደርሳሉ። የወሰን መስመርና የመሻገር መብት በአንድ ስምምነት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር ልብ በሉ።

በ1954 ደግሞ ሐውድን የሚያጠቃልለው አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር በተመለሰበት ስምምነት ይኸው የግጦሽ መብት ጸንቶ፣ አፈጻጸሙን የሚከታተሉ የብሪታንያ አገናኝ መኰንኖች ተመደቡ። ሥርዓቱ በቦታው የሚገኝ ኃላፊ ስለነበረው ይሠራ ነበር። ሆኖም ኃላፊው የቅኝ ገዥ መኰንን እንጂ የአካባቢው ሰው ስላልነበረ፣ በ1960 ብሪታንያ ስትወጣ ሥርዓቱም አከተመ። መንጋው ግን እንደ ቀድሞው መሻገሩን ቀጠለ፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የተሻገረው ያለ ሥርዓት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ልምድ ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ፈቃዱን ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1981 ሁለቱ አገሮች መስመሩን በእኩልነት በጋራ ያስተዳድሩ ጀመር። ባቡሩ በትናንሽ ጣቢያዎች ይቆም ስለነበር፣ አትክልትና ጫት ይዘው የሚሄዱ፣ ልብስና ሸቀጥ ይዘው የሚመለሱ ሴት ነጋዴዎች ኑሯቸውን በእርሱ መሥርተው ነበር። አፍደምም ከእነዚያ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች።

በጥር 2018 መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የጋራ ንብረት ነው፤ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ድርሻ ነው። ዋና ተግባሩ ግን ወደቡን ከመሀል አገር ጋር ማገናኘት ነው። በመስመሩ ላይ ላለው አርብቶ አደር ባቡሩ በአብዛኛው የሚያልፍ ነገር ሆኗል፤ ከከብትና ከግመል ጋር የሚፈጠረው ግጭትም ተደጋጋሚ ችግር ነው። ካሳው ስንት ይሁን፣ ለማን ይከፈል፣ መሻገሪያው የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በየወረዳው ሲሆን፣ ውሳኔው የሚሰጠው ግን በሩቅ ነው። ሁለት መንግሥታት መተባበራቸው የድንበር አካባቢው ሕዝብ የትብብሩ ተካፋይ ሆኗል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው ልምድ ከሁለቱም ይቀድማል። የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ «ሄር ኢሴ»፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የሚኖሩትን የኢሳ ማኅበረሰቦች በቃል በሚተላለፍ አንድ ሕግ ያስተሳስራል። ዑጋዙ የአንድነት ምልክት ሲሆን ውሳኔ የሚወለደው በሽማግሌዎች ጉባኤ ምክክር ነው። ሦስቱ አገሮች በጋራ ባቀረቡት ሰነድ መሠረት ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ምዝገባው ክብር ነው፤ ሕጋዊ ሥልጣን ግን አይሰጥም። በተጨማሪም ሄር ኢሴ የኢሳዎች ሕግ ነው። አፍደም ከአፋርና ከኦሮሞ ማኅበረሰቦች ጋር ትጎራበታለች፤ በኢሳና በአፋር መካከል የተደጋገመው ግጭት እንደሚያሳየው፣ የክልል ወሰን አንዳንዴ ከአገር ድንበር ይልቅ የከበደ ነው። የጉባኤው ወግ ሴቶችንም በውሳኔ ሰጪነት አያሳትፍም። ስለዚህ ባህላዊው ሕግ የመፍትሔው መሠረት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ታዲያ ሕጉ ምን ይፈቅዳል? የአውሮፓ ምክር ቤት በ1980 በማድሪድ ባጸደቀው ስምምነት የጎረቤት አገሮች የአካባቢ አስተዳደሮች እርስ በርስ እንዲዋዋሉ በር ከፍቷል። የአፍሪካ ኅብረትም በሰኔ 2014 በማላቦ የተቀበለው፣ በተለምዶ የኒያሚ ስምምነት የሚባለው ሰነድ፣ የአካባቢ አስተዳደሮችንና ማኅበረሰቦችን የትብብሩ ተዋናዮች ያደርጋል። የኢጋድ የ2020 የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ደግሞ ከአደጋ የሚሸሹ ሰዎች ወደ ጎረቤት አገር ገብተው እንዲመዘገቡ ይደነግጋል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የውጭ ግንኙነት የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ወረዳው ወይም ዞኑ ከጅቡቲው አሊ ሳቢህ ወይም ዲክሂል አስተዳደር ጋር በራሱ ሊዋዋል አይችልም። ሆኖም አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 9 የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኑን ለክልሎች በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይኸው አንቀጽ በንኡስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 40 ደግሞ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬት መብት ያረጋግጣል። መንገዱ ስለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወሰኑ የታወቀ ውክልና ነው።

ውክልናው በሦስት ጉዳዮች ቢወሰን ይበቃል እላለሁ። አንደኛው ወቅታዊውን የመንጋ ጉዞ መመዝገብና የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀትን በጋራ ማወቅ ነው። በ2000 የባሕረ ሰላጤው አገሮች በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን የቁም እንስሳት በከለከሉ ጊዜ፣ እገዳው የታመመውን ከጤነኛው አልለየም። ሁለተኛው ሴቶችና ጎረቤት ማኅበረሰቦች የሚወከሉበት፣ ስለ ግጦሽና ስለ ካሳ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስን የጋራ ጉባኤ ነው። ሦስተኛው የአነስተኛ የጠረፍ ንግድ ፈቃድ ነጋዴዋ በምትኖርበት ወረዳ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

«ይህ ለኮንትሮባንድና ለጸጥታ ስጋት በር አይከፍትም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያልተመዘገበ መንጋና ፈቃድ የማታገኝ ነጋዴ ከቁጥጥር ውጭ ናቸው። ኬላው ሊያውቃቸው የሚችለው ሕጋዊ መንገድ ሲኖራቸው ነው። የፌዴራሉ መንግሥትም የወከለውን ሥልጣን መከታተልና ሲያስፈልግ መልሶ መውሰድ ይችላል።

በዚህ አዳራሽ የሕግ፣ የእንስሳት ሕክምናና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች በአንድነት መገኘታችሁ መልካም አጋጣሚ ነው። የውክልናው ሰነድ ምን ይዘት ይኑረው የሚለው ጥናት ሦስቱንም ሙያዎች ይጠይቃልና፣ ከመንግሥት ትእዛዝ ሳትጠብቁ እንድትጀምሩት አደራ እላለሁ።