ተጨማሪ መረጃ፦ 13 ዓመት የቆየው «ጊዜያዊ»

«ደርግ» ከግእዝ የተወሰደ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ኮሚቴ ማለት ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሰኔ 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ከመቶ በላይ ወታደሮች ያቋቋሙት ኮሚቴ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርዶ ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» አለ። ጊዜያዊ የምትለዋን ልብ በሉ።

ለውጡ ያለ ደም ይሄዳል ሲባል ከርሞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የወታደራዊ አስተዳደሩ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም የሞቱት በዚያው ቀን ነው። ተከታያቸው ጄኔራል ተፈሪ በንቲም በ1969 ዓ.ም. በባልደረቦቻቸው ተገደሉ። የብዙዎች የነበረው ሥልጣን በኮሚቴው አባል በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ተጠቃለለ። በ1980 ዓ.ም. «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከአገዛዙ ስም ወጣ፤ መንግሥቱ ግን ፕሬዚዳንት ተብለው ቀጠሉ። (ፈገግ ብትሉ አይፈረድባችሁም።)

እስቲ ሞክሩ፦ በቤታችሁ የዚያ ዘመን ደብዳቤ ወይም የትምህርት ማስረጃ ካለ፣ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ ማኅተሙንና ዓመተ ምሕረቱን ተመልከቱ። የአገዛዙ ስም ምን ይላል?