ወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ቼንሶ

ቼንሶ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ የሚቆራርጠው ትልቁ መጋዝ ነው፤ አንዱ እጀታው ከሞተሩ ጀርባ የወጣ፣ ሌላው ከፊት ጎብጦ የዞረ፣ ሁለት እጅና ጠንካራ አቋቋም የሚጠይቅ። እዚህ የምናስተዋውቀው ግን ሌላውን ዓይነት ነው። በዚህኛው ላይ ቃታውን የያዘው እጀታ የተቀመጠው ከሞተሩ አናት ላይ ነው። በዚህ አንድ ለውጥ የመጋዙ ቁመት ያጥራል፣ ክብደቱም ከጨበጠው እጅ ሥር ይሰበሰባል። ከኋላው በኩል ቀለበት አለው፤ ዛፍ የሚወጣው ሰው በዚያ ቀለበት ከመታጠቂያው ጋር ያያይዘዋል። ሲቆርጥ በእጁ ይይዘዋል፣ ሲወጣ ደግሞ ከወገቡ ላይ እየተንጠለጠለ ይከተለዋል። የተሠራውም ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ተጠላልፎ ትልቁን መጋዝ ማዞሪያ ለሚጠፋበት የዛፍ አናት።

ሱቅ ገብቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አንሥቶ ያየ ሰው ትንሹን መውደዱ አይቀርም። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል፣ ለጓሮ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አይደለም። ከሁለቱ የባሰ አደገኛው እሱ ነው፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ስለ ዋጋ ማውራት ዋጋ የለውም።

ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ባር እንበለው። የባሩ አፍንጫ፣ በተለይም የላይኛው ሩብ፣ ሳይታሰብ እንጨት ሲነካ ሰንሰለቱ መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ይነክሰዋል። ወደፊት መሄድ ያቃተው ጉልበት ባሩን ወደ ላይና ወደ ቆራጩ ፊት ይወረውረዋል። ይህ እርግጫ ዓይን ተርገብግቦ ሳይመለስ ያልቃል፤ ሰው አስቦ የሚመልሰው ነገር አይደለም። ከኋላ በሚያዘው መጋዝ ላይ ሁለቱ እጆች ተራርቀው ስለሚይዙ ክንድ የመመከት አቅም አለው። ከላይ በሚያዘው ላይ ግን እጆቹ ተቀራርበዋል፤ መጋዙ መዞር ሲፈልግ የሚያስቆመው ጉልበት ያንሳል። ከፊተኛው እጀታ ፊት ያለው የእጅ ጋሻ የሰንሰለቱ ፍሬን የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሲገፋ ወይም መጋዙ በኃይል ሲወረወር ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል።

በአንድ እጅ ሊያዝ መቻሉ በአንድ እጅ ይቆረጥበት ማለት አይደለም። ግራ እጁ ቅርንጫፉን ጨብጦ በቀኙ የሚቆርጥ ሰው ቪዲዮ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መጋዙ ሲንሸራተት ወይም ሲራገጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ ግራ እጅ ነው። አይኤስኦ 11681 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቼንሶን በሁለት ክፍል የሚያየውም በከንቱ አይደለም። አንዱ ክፍል ለተራው የደን መጋዝ፣ ሌላው ክብደቱ ከ4.3 ኪሎ ለማይበልጠው የዛፍ ላይ መጋዝ ነው። አምራቾቹም በመመሪያ መጽሐፋቸው ይህ መሣሪያ ለሠለጠነ የዛፍ ሠራተኛ ብቻ መሆኑን ይጽፋሉ። ሥራዎ መሬት ላይ ከሆነ ንባብዎን እዚህ ያቁሙና ከኋላ የሚያዘውን ትንሽ ቼንሶ ይግዙ፤ ዋጋውም ይቀንስልዎታል።

ዛፍ ለሚወጣው ሰውም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ልግዛ» መሆን የለበትም። አልፎ አልፎ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወጣ ሰው ከላይ የሚቆርጠው አብዛኛው ነገር ከክንድ የማይወፍር ቅርንጫፍ ነው። ይህን ደግሞ ጥሩ የእጅ መጋዝ ይጨርሰዋል። ጥርሱ ሲስቡት ብቻ የሚቆርጠው የጃፓን መጋዝ፣ እንደ ሲልኪ ያለው፣ በሰገባ ሆኖ ከጭን ላይ ይታሰራል፤ ነዳጅ አይጠጣም፣ አይራገጥም፣ ድካሙም ከሚፈራው ያነሰ ነው። ቼንሶ ባለሙያዎች እንኳ ወገባቸው ላይ እያለ ለመለስተኛ ቅርንጫፍ እጃቸው የሚሄደው ወደዚህ መጋዝ ነው።

ከዚያ በኋላ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። ቼንሶው ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። በአሜሪካ የዛፍ ሠራተኞች የሚመሩበት ዜድ133 የተባለው የደኅንነት ደረጃ፣ ዛፍ ላይ በቼንሶ የሚሠራ ሰው ከመውጫ ገመዱ በተጨማሪ ሁለተኛ ማሰሪያ እንዲኖረው ያዛል። በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ የሚሮጥ ሰንሰለት የሰው ክብደት የወጠረውን ገመድ ከነካ ለመጸጸት እንኳ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ብዙዎች ለሁለተኛው ማሰሪያ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለውን ይመርጣሉ፤ እሱም ቢሆን ቼንሶን ለጥቂት ያዘገያል እንጂ አይችለውም። በዚህ ላይ መታጠቂያው፣ የራስ ቁሩ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያው፣ ሰንሰለት የሚያስቆመው ሱሪ፣ ከታች ሆኖ ገመድ የሚጠብቀው ሰውም አለ። ያለዎት ገንዘብ ለቼንሶው ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ቼንሶ የሚገዙበት ጊዜ ገና ነው።

አሁን ወደ ገበያው። በቤንዚን ከሚሠሩት መካከል በላይኛው እርከን ያሉት የጀርመኑ ስቲል ኤምኤስ 201 ቲ እና የስዊድኑ ሁስክቫርና ቲ540 ኤክስፒ ናቸው። የመጀመሪያው 35.2 ሲሲ፣ ሁለተኛው 37.7 ሲሲ ሲሆኑ ሁለቱም 1.8 ኪሎ ዋት ገደማ ያወጣሉ። የስቲሉን ታሪክ ማወቅ አሮጌ ዕቃ ለሚፈልግ ይጠቅማል። ከ201 በፊት 200 ቲ የሚባል ነበር፤ የዛፍ ሠራተኞች እስከ ዛሬ በስስት የሚያነሡት፣ ቃታውን ሲነኩት ወዲያው የሚጮኽ መጋዝ። የጭስ ልቀት ሕግ ሲጠብቅ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት በ201 ተተካ። የመጀመሪያዎቹ 201ዎች በካርቡራተራቸው ብዙ ቅሬታ አስነሥተው ነበር፤ በኋላ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚያስተካክለው ዓይነት ሲመጣ ቅሬታው ረገበ። ስለዚህ ያገለገለ 201 የሚገዛ ሰው የትኛው ትውልድ እንደሆነ ይጠይቅ። ያገለገለ 200 ቲ ደግሞ በእርጅናው ላይ የስም ዋጋ ተጨምሮበት ይሸጣል፤ እኔ አልመክረውም።

አልፎ አልፎ ለሚወጣ ሰው የላይኛው እርከን ትርፍ ነው። በየቀኑ ከዛፍ ላይ የሚውል ሰው የሚከፍልለት ፍጥነት በዓመት ጥቂት ቅዳሜ ብቻ ለሚሠራ ሰው አይታወቀውም። የሚበቃው መካከለኛው ነው፤ ስቲል ኤምኤስ 194 ቲ፣ ሁስክቫርና ቲ435፣ የጃፓኑ ኤኮ ሲኤስ-355ቲ። ሦስቱም ከ30 እስከ 36 ሲሲ ባለው ክልል ውስጥ ናቸው፤ ቲ435 ለምሳሌ ያለ ባርና ሰንሰለት 3.4 ኪሎ ይመዝናል። በአሜሪካ ገበያ ዋጋቸው ከላይኞቹ ግማሽ ወይም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። ከእነሱ መካከል ለመምረጥ የሞተር ጉልበት እያነጻጸሩ ሌሊት መንቃት አያስፈልግም፤ መለዋወጫና ጥገና ያለው ሱቅ ከቤትዎ አጠገብ የየትኛውን ስም ለጥፏል? እሱን ይግዙ።

ከዚህ በታች ባለ 25 ሲሲዎቹ አሉ። ኤኮ ሲኤስ-2511ቲ 2.3 ኪሎ ብቻ ነው፤ ክንድ ሳይዝል ቀኑን የሚያውል ድንቅ መሣሪያ፤ ዋጋው ግን ከመካከለኞቹ አይርቅም። በኢንተርኔት ገበያ በብዙ ስም የሚሸጡት ርካሾቹ ባለ 25.4 ሲሲዎች ደግሞ አብዛኞቹ ዜኖዋ ጂ2500 የተባለውን የጃፓን መጋዝ አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ከ200 ዶላር በታች ይገኛሉ፤ አንዳንዱም በደንብ ይሠራል። ችግሩ ከሳጥኑ ውስጥ የትኛው እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። ሥራ ላይ የማይነሣ ሞተር ያናድዳል እንጂ አይገድልም፤ የማይይዝ ፍሬን ግን ሌላ ነው። መሬት ላይ ቆሜ እንዲህ ያለውን መጋዝ እሞክረው ይሆናል። ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ ግን አልነካውም።

ካታሎግ ላይ ያለው ክብደት ሰውን እንዳያታልል። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ያለ ባር፣ ያለ ሰንሰለት፣ ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት ነው፤ ሁሉም ሲገባበት አንድ ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ባሩን በተመለከተ 12 ወይም 14 ኢንች ይበቃል። 16 ኢንች የሚያስገባው ሻጭ ብዙ እንጨት የሚቆረጥበት ሊመስለው ይችላል፤ ዛፍ ላይ ግን የረዘመ ባር ማለት ዓይን የማያየው አፍንጫ ማለት ነው፤ እርግጫው የሚነሣውም ከዚያ ነው።

ቤንዚን ወይስ ባትሪ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ክርክሩ አጭር ነበር፤ ዛሬ አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው ሚዛኑ ወደ ባትሪ አጋድሏል ባይ ነኝ። የትንሽ ቤንዚን ሞተር ጠላቱ ሥራ ሳይሆን መቀመጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየማደያው የሚቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ይህ ውኃ ይስባል፣ ለወራት ሲቀመጥ ካርቡራተሩን ያበላሻል። ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፤ በ50 ለ1 ሂሳብ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ የሚተኛ መጋዝ እንግዲህ ነዳጁ ወጥቶለት ካልተቀመጠ፣ የሚፈለግበት ቀን ካንዴላ በመንቀልና የማስነሻ ገመድ በመሳብ ያልቃል። ገመድ መሳብ መሬት ላይ ሲያደክም ዛፍ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ መጋዙን በአየር ላይ እየጣሉ መሳብ ክልክል ነው። ስለዚህ ሞተሩ መሬት ላይ ተነሥቶና ሞቆ፣ ፍሬኑ ተይዞ ወደ ላይ ይላካል።

ባለ ባትሪው ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቃታው ሲለቀቅ ሰንሰለቱም ሞተሩም ይቆማሉ፤ ከታች ያለው ሰውም የላይኛውን ድምፅ ይሰማል። ሁስክቫርና ቲ540አይ ኤክስፒ ያለ ባትሪ 2.5 ኪሎ ነው፤ ዋጋው ግን የባለሙያ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚቀርበው ሌላ መንገድ ነው። ማኪታም ሚልዋኪም መሰርሰሪያቸውን የሚያሠራው ባትሪ የሚገባበት ከላይ የሚያዝ ቼንሶ አላቸው፤ ባትሪዎቹ ቤት ካሉ መጋዙን ለብቻው መግዛት ይቻላል፤ ቁጠባው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ባትሪ ከዜሮ የሚገዛ ሰው ግን ዋጋው ከቤንዚኑ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዝም ያለ መጋዝ የተኛ ይመስላል። ቃታው ልብስ ወይም ቅርንጫፍ ቢይዘው የሚነቃው ያለ ጩኸት ነው፤ ከወገብ ላይ ከመንጠልጠሉ በፊት ፍሬኑ ይያዝ፣ ማብሪያውም ይጥፋ።

ያገለገለ መጋዝ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ፍሬኑን ይይ። ሞተሩ እየሠራ ጋሻውን ሲገፉት ሰንሰለቱ ወዲያው መቆም አለበት። ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ ሲዞር ሰንሰለቱ ከተንቀሳቀሰ ወይ ካርቡራተሩ ወይ ፍሪሲዮኑ ችግር አለበት። ከእጀታው ጀርባ ያለው መቆለፊያ ሳይጨበጥ ቃታው መሳብ የለበትም። የጭስ ማውጫው ተፈትቶ በቀዳዳው በኩል ፒስተኑ ሲታይ ቁመቱን ተከትሎ የተጫረ ከሆነ፣ ዘይት በሌለው ቤንዚን ሠርቶ ሊሆን ይችላልና ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

አገር ቤት ያለው አንባቢ ጥያቄው ትንሽ ይለያል። በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን የከበባት ባሕር ዛፍ ዛሬም የሚቆረጠው በአብዛኛው ከሥሩ ነው፤ ለዚያ ከኋላ የሚያዘው ይሻላል። ከላይ የሚያዘው የሚያስፈልገው ጣሪያ ላይ ያዘነበለ ግራቪሊያ፣ በግቢ መካከል የገዘፈ አቮካዶ፣ ከሥሩ ቢጣል ቤት የሚያፈርስ ጥድ ሲኖር ነው። እዚያ ላይ ከሞተሩ ስም ይልቅ ሰንሰለቱ የሚገኝ መሆኑ ይቀድማል። ብዙዎቹ መካከለኛ መጋዞች የሚወስዱት ሦስት ስምንተኛ ኢንች ዝቅተኛ የሚባለውን ሰንሰለት ነው፤ የተለመደው መሳያውም 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው። ሻጩ ሁለቱን ከሌለው፣ መጋዙ የመጀመሪያው ሰንሰለት ሲደነዝ አብሮ ያበቃለታል። የደነዘ ሰንሰለት ደግሞ ቆራጩን እንዲጫን ያስገድደዋል፤ ዛፍ ላይ የሚጫን ሰው ሚዛኑን አጥቷል።

የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በአሜሪካ ደንብ ለዚሁ ያልሠለጠነ ሰው ከመስመር ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት፤ ዛፉም መጋዙም ገመዱም በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለውን ለመብራት ኃይል ሰዎች ይተዉት።

ፍርዴን ለሚጠይቀኝ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መታጠቂያና ሁለት ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የእጅ መጋዝ፣ ከዚያ በሚያውቅ ሰው ሥር ጥቂት ቀን ሥልጠና። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቼንሶ አሁንም ካስፈለገ፣ ባትሪ ያለው ሰው ባለ ባትሪውን፣ የሌለው መካከለኛውን ቤንዚን ባለ 12 ኢንች ባር ይግዛ።