ቆሞ የኖረ አውቶሞቢል በጥቂት ገንዘብ ወደ መንገድ ስለ መመለስ

አባት ሲሞት ወራሾች በቤቱና በመሬቱ ይከራከራሉ፤ በግቢው ጥግ ከዛፍ ሥር የቆመውን አውቶሞቢል ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው አይገኝም። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ዓመት በዓመት ላይ ይደረባል፤ ጎማው ይተነፍሳል፤ ዶሮ በመቀመጫው ላይ ዕንቍላሏን ትታቀፋለች፤ አይጥም የኤሌክትሪኩን ሽቦ ይቈረጥማል። በመጨረሻ «ይህማ ብረት ሆኗል» ይባልና በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከመዝገብ ላይ ደጋግሞ ያየዋል።

እኛም በአዳማ ከተማ በአማቴ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ቮልስዋገን ነበረን። አማቴ ካረፉ ጀምሮ 9 ዓመት ቆሞ ኖረ። ወደ መንገድ ስንመልሰው ያገኘነውን ትምህርት፤ ስሕተታችንንም ጭምር፤ ለክቡራን አንባቢዎች ብንገልጸው ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም ይሆናል ብለን ጻፍነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሁሉ እንደ ቮልስዋገን በሕዝብ ዘንድ የተወደደ ጥቂት ነው። ይህ አውቶሞቢል ሥራው በጀርመን አገር በ1930 ዓ.ም. ተጀምሮ በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ሞተሩ ከኋላ ያለና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ራዲያተርና ውሃ አያሻውም፤ ለስምጥ ሸለቆ ሙቀት የተመቸ ነው።

ዛሬ ደግሞ አሮጌውን ማዳን ከቀድሞው ይልቅ ይጠቅማል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ አውቶሞቢል ከውጭ ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥ እስከ 500 በመቶ ደርሷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ከግቢ ጥግ የቆመው ብረት የተናቀውን ያህል የሚናቅ አይደለም።

እኛ ግን ሥራውን የጀመርነው ከመጨረሻው ነው። ልጆቹ ደስ እንዲላቸው ብለን አስቀድመን ቀለሙን አስቀባን። ሞተሩም ከብዙ ድካም በኋላ ስለ ተነሣልን ሥራው ያለቀ መሰለን፤ ልጆቹን ጭነን ከግቢ ወጣን። ከቍልቍለቱ ደርሰን የፍሬኑን ፔዳል ብንረግጠው እስከ ወለሉ ድረስ ገባ፤ አውቶሞቢሉ ግን አልቆመም። ያዳነን የእጅ ፍሬኑ ነው፤ እርሱ በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ የሚሠራ ስለ ሆነ በሳብነው ጊዜ ያዘልን፤ ከጐረቤት የአሸዋ ክምር ላይ ወጥተን ቆምን። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር፤ ለሚታየው ከፍለን ለሚያቆመው አልከፈልንምና። በኋላም ከበሩ በታች ዝገት የበላው ብረት ሲበየድ ያ አዲስ ቀለም ተቃጠለ፤ ለቀለም ሁለት ጊዜ ከፈልን። ከዚህ የተማርነው በርካሽ ማሠራት ማለት ቀናንሶ መክፈል ሳይሆን በተራው መክፈል መሆኑን ነው። ተራውም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ነው። ሊብሬው በሟቹ ስም ከሆነ ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ስሙን ሳያዛውሩ ለመለዋወጫ አንድ ብር እንኳ አያውጡ። ሁሉም ወራሾች የተስማሙበትን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ያለዚያ አንዱ ያሠራውን ሌላው ይካፈለኝ ይላል። የዓመቱ ምርመራና ቦሎ፤ የሦስተኛ ወገን መድንም ከወጪው ሒሳብ ይግቡ።

ሁለተኛ፤ ሞተሩን በቁልፍ ለማስነሣት አይቸኩሉ። ብዙ ዘመን የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫ ይለወጣልና ከሰርባቶዮው ተቀድቶ ይውጣ፤ አሮጌው የሞተር ዘይትም ይፍሰስ። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ሞተሩን በመፍቻ በእጅ ቀስ አድርገው ያዙሩት። በደኅና ከዞረ ተስፋ አለ። አዲሱ ዘይት ለቮልስዋገን 2 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃዋል።

ሦስተኛ ፍሬኑ ነው፤ በዚህ ላይ ገንዘብ አይቈጠብም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብዙ ሲቆም ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የላስቲክ ቱቦውም ይሰነጠቃል። የቀደሙት ቮልስዋገኖች ፍሬን በአንድ መሥመር የተሠራ ስለ ሆነ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። ስለዚህ ቱቦውና ጐሚኒው ሁሉ አዲስ ይሁን፤ የፍሬኑ ሸራም ይታይ።

አራተኛ የቤንዚኑ ቱቦና ጎማው ነው። የአዳማ ደረቅ አየር ብረቱን ከአዲስ አበባ እርጥበት ይልቅ ይጠብቀዋል፤ ፀሐዩ ግን ላስቲክን ያደርቃል። ከሞተሩ አጠገብ ያለው የቤንዚን ቱቦ ከተሰነጠቀና በጋለ ብረት ላይ ካንጠባጠበ አውቶሞቢሉን በሙሉ ያቃጥላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጎማም ጥርሱ ሙሉ ስለ ሆነ አይታመንም፤ በጎኑ ከተጻፉት 4 ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ 2 የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት ያሳያሉና ይነበቡ።

አምስተኛ ማቀዝቀዣውና ካርቡራቶሩ ነው። በቮልስዋገን የዲናሞውንና የነፋስ ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው፤ እርሱ ከተበጠሰ ሞተሩ ያለ ነፋስ ይቀራል። ቀዩ መብራት ሲበራ «እስከ ሞጆ ያደርሰኛል» ሳይሉ ወዲያው ይቁሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስትሆን አዳማ ከእርስዋ ወደ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በቆላው አየሩ ይወፍራል። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራቶር በአዳማ ለዚያ አየር ቤንዚን ስለሚያንሰው ሞተሩ ይግላል፤ እንደ ገና ማስተካከል ያሻል። የአየር ማጣሪያውም በአዳማ አቧራ ዘወትር ይታጠብ። የስምጥ ሸለቆ የጕድጓድ ውሃ ጨውና ማዕድን ይበዛበታልና ለባትሪ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመርበት።

ስለ መለዋወጫ፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ይገኛል፤ ነገር ግን በር፤ መስተዋትና መቀመጫ ያገለገለ ቢሆን አይጎዳም፤ የፍሬንና የቤንዚን ዕቃ ግን አዲስ ይሁን። ከመካኒኩ ጋር ለየሥራው ዋጋ በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ሁሉ እንዲመለስልዎ ይጠይቁ። ብዙ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ቢጠረግ እንደሚድን እኛው አይተናል፤ ካርቡራቶራችን በመታጠብ ብቻ ዳነ። ቀለም የሁሉ መጨረሻ ይሁን።

ቮልስዋገናችን ዛሬ ይሠራል። ከበሩ በታች የተበየደው ስፍራ ከሌላው ቀለም ጋር ጥቂት አይመሳሰልም፤ ሦስተኛ ጊዜ አላስቀባነውም። ልጆቹ ገብተው ሲቀመጡ ግን አስቀድመን ሞተሩን ሳናስነሣ የፍሬኑን ፔዳል አንድ ጊዜ ረግጠን እንሞክራለን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከግቢ እንወጣለን።