በመንገድ ላይ ስለሚያጋጥም ማቅለሽለሽና ስለ መከላከያው

ለሥራ ጉዳይ ወደ ዋግ ኽምራ የሚጓዝ የመሥሪያ ቤት ሰው በመንገድ ላይ ሆዱ ሲታወክና ምራቁ ሲበዛ «የደጋው አየር አልተስማማኝም» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ናት። ስለዚህ ምክንያቱ አየሩ ሳይሆን መንገዱ ነው። ከአላማጣ ወደ ኮረም ብቻ እንኳ መኪናው እየተጠማዘዘ 1,000 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከዚያም እስከ ሰቆጣ ዳገትና ቁልቁለት ይፈራረቃሉ።

ሕመሙ የሚጀምረው ከሆድ አይደለም። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል የሰውነትን እንቅስቃሴና ሚዛን የሚለኩ፣ ፈሳሽ ያለባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች ይገኛሉ። መኪናው ሲዞር ጆሮ መንቀሳቀሳችንን ለአንጎል ይነግራል፤ በወረቀት ወይም በስልክ ላይ የተተከለው ዐይን ግን ቆመናል ብሎ ይመሰክራል። የሁለቱ ምስክሮች ቃል ሲለያይ ማጥወልወል፣ ቀዝቃዛ ላብና ማስመለስ ይከተላሉ። ሹፌሩን ይህ እምብዛም የማይነካው መንገዱን እያየ መታጠፊያውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ መከላከያው ሁለቱን ምስክሮች ማስታረቅ ነው። ከፊት ይቀመጡ፤ ዐይንዎን ከሩቁ ተራራ ላይ ያሳርፉ፤ ራስዎን በመቀመጫው ላይ ያስደግፉ፤ መስኮት ይክፈቱ። ሪፖርቱን ሰቆጣ ገብተው ያነቡታል። በባዶ ሆድም ሆነ ቅባት የበዛበት ምግብ በልተው አይሳፈሩ፤ ጥቂት ቂጣ ወይም ዳቦ ይበቃል። ዝንጅብል ለአንዳንድ ሰው ይረዳል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው እንክብል የሚጠቅመው ከጉዞው በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲወሰድ ነው። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን ሹፌር ከቶ ሊወስደው አይገባም፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃንም ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱት።

ተቅማጥ ግን ከመኪና አይመጣም፤ ከውኃና ከምግብ እንጂ። ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ በሰቆጣ የመጠጥ ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ተቅማጥ ከያዘዎት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱንም ልክክ አድርገው በመስፈር በጥብጠው ቀስ በቀስ ይጠጡ።

ከሁሉም በላይ ይህን ልብ ይበሉ። የመንገድ ማቅለሽለሽ ጉዞው ካበቃ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይለቃል፤ ትኩሳትም የለውም። በአበርገሌና በተከዜ ዳር ባለው ቆላ ግን ወባ አለ። ወባ ከተነደፉ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ማስመለስን ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ይዞ ይመጣል። ስለሆነም ወደ ቤትዎ ከተመለሱ በኋላ እንዲህ ያለ ስሜት ቢያድርብዎ «የመንገዱ ድካም ነው» ብለው አይተኙ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ያስመርምሩ፤ ቆላ ወርደው እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ። መንገድን በትዕግሥት ማለፍ ይቻላል፤ ወባ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።